የግራ ጉንጭ ጠባሳ

የጠመኔው አቧራ ከእጄ ሳይራገፍ ነው ከክፍል አስወጥተው የወሰዱኝ። የእስር ክፍሏ ለሦስት ሰው አትበቃም፤ እኛ ስምንት ነበርን። የአሰላ ብርድ ደግሞ ከሲሚንቶው ሽቅብ ይመጣል፣ አያድርስ ነው። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ሰዓሊ ነበሩ። እንጨት ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትማሉ። ያሳሰራቸውም ጣራ ላይ የቆመ፣ ጀርባው ላይ ገብስ የበቀለበት ፈረስ ሥዕል ነው።

«ፈረሱ ማነው?» ይላቸዋል መርማሪው በየቀኑ።

«ፈረስ ነዋ! በሕልሜ ነው ያየሁት።»

«ፈረሱን እንድስል ያዘዘኝ ጎረቤቴ ነው» ብለው ከፈረሙ ዛሬውኑ ይፈታሉ አሏቸው። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ መርማሪውም ያውቃል።

«ሰውዬው እኮ ምንም አያውቅም» አሉኝ። «ግን አንዴ ባያት።»

አልፈረሙም።

አንድ ቀን ምሳ ያመጣችልኝ እህቴ የሰዓሊው ባለቤት ሞተው መቀበራቸውን ሹክ አለችኝ። መርዶ ከሰዓት አይነገርም። ከእሳቸው ጋር እራት እየበላሁ ዋጥኩት፤ እንዴት እንዳስቻለኝ እንጃ። ጎህ ሲቀድ ሰባታችንም ከበብናቸው። ገና ሲያዩን ገባቸው።

«ሳልሰናበታት!» ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

በሦስተኛው ቀን ያለችንን አንድ ሳሙና ለመኑን። በማንኪያ እጀታ የሚስታቸውን ፊት ቀረጹበት። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በዘይት ለውሰው ቀቡና ወረቀት ጫኑበት። ወረቀቱን ቀስ ብለው አነሱት።

«ጠባሳዋ በግራ ጉንጯ ነበር።»

ወረቀቱ ላይ በቀኝ ወጥቷል። ኅትመት ስለሚገለብጥ ሁልጊዜ ገልብጠው ነው የሚቀርጹት። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ያን ቀን ረሱት።

«ፊቷንም አጠፋሁት!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ከመካከላችን አንድ የዴራ ሹፌር ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «ኧረ ጋሼ፣ እትዬ ራሳቸውን በመስታወት ሲያዩ እኮ እንዲህ ነው የሚታያቸው» አላቸው።

ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ሳሙናውን «ታጠቡበት» ብለው መለሱልን። ሌላ አልነበረንም። ሆኖም እስክንፈታ ማንም አልነካውም፤ በውሃ ብቻ ታጠብን።

አሁን አሰላ ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው እየቀረጹ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ብፈርም ኖሮ በሕይወት እያለች እደርስባት ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

መዋሸት አማረኝ፤ ግን ለእሳቸው እንዴት ተደርጎ ይዋሻል?

«ይደርሱባት ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና መቅረጻቸውን ቀጠሉ።