የወንድሜ ፍሬን

በጃንሆይ ጊዜ ነገሌ ቦረና ሳለሁ ሥራዬ መዞር ነበር። ቅቤ ከዚያ ገዝቼ ክብረ መንግሥት እሸጣለሁ። የምሳፈረው ታናሽ ወንድሜ በሚነዳው አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ነው፤ በነፃ የሚያሳፍረኝ ታዲያ እህቱ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የካሚዮኑ ፍሬን እኔ ነበርኩ።

ዋናው ፍሬን ከሞተ ቆይቷል። ቁልቁለት ላይ ወንድሜ በማርሽ እያስጓራ ያበርደዋል፤ ሊቆም ሲል «እታለም!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ታኮውን፣ ያንን የእንጨት ሽብልቅ ይዤ ዘልዬ እወርድና ጎማው ሥር እወሽቃለሁ።

አንድ ቀን «ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል፤ መኪናው ያልተሟላ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል» ተባለ። የከተማው ሾፌር ሁሉ ተሸበረ። ተሸብሮ ፍሬኑን ያሠራ መሰላችሁ? አስጠኚ ቀጠረ እንጂ!

አስጠኚው ከጦር ሰፈሩ በጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። ገበያው ዳር አሰልፎ ጺም መላጨት፣ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ሊብሬ በሁለት እጅ ማቅረብ አስተማራቸው። ጎማውንም የጫማ ቀለም አስቀባቸው፤ ያን ሰሞን ሊስትሮዎቹ ሰው ጫማ እንደሚያደርግ ረስተው ነበር። ስለ ፍሬን የተማሩት አንዲት ጥያቄ ናት።

«ፍሬንህ እንዴት ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው መርማሪውን ሆኖ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወንድሜ።

«ስለ ጤናህ ማን ጠየቀህ! ‹አስተማማኝ ነው ጌታዬ› በል! ደረትህን ንፋ!»

ነፋ፤ እንደተባለውም አለ።

«አንቱ ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ መርማሪው ‹ቁም› ቢለውስ?» አልኩ እኔ ከዳር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቅቤሽን ሽጪ» አለኝ። ጥቂት አሰበና ግን ተመለሰ። «ቁም ካለው አንቺ አለሽለት። ታኮውን በነጠላሽ ሸፍነሽ ከኋላ ተንጠልጠይ።»

ሾፌሮቹ አጨበጨቡልኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። የወንድሜ እንጀራ መንጃ ፈቃዱ ነው፤ አራት ልጆች አሉት።

የምርመራው ዕለት ጠዋት የአንዲት ሙሽራ እናት መንገድ ላይ አገኘችኝ። በማግስቱ ሠርገኛውን በሙሉ የሚጭነው የእኛ ካሚዮን ነበር።

«አካም፣ ናጋ? መኪናው ደኅና ነው?» አለችኝ።

«አስተማማኝ ነው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ለካስ ሳልመዘገብ እኔም ተምሬአለሁ!

ምርመራው የሚካሄድበት ኬላ ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ላይ ነው። ወንድሜ ሁሉንም እንደ ዳዊት ደገመው። መርማሪው ራሱን ነቀነቀና «በል፣ ንዳና እዚያች ድንጋይ ጋ ቁም» አለ።

ካሚዮኑ ተንደረደረ። ታኮው በነጠላዬ ሥር ነው፤ ድንጋይዋም ደረሰች። ያቺ እናት ነገ ልጇን አቅፋ ጭነቱ ላይ ስትቀመጥ ታየችኝና ታኮውን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

«እታለም! ታኮ! ኧረ ታኮውን!» ወንድሜ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ የተማረውን ሁሉ መርማሪው ፊት አፈሰሰው። ካሚዮኑ ድንጋይዋን አልፎ፣ የኬላውን የእሾህ አጥር ይዞ ቆመ።

መንጃ ፈቃዱ ፍሬኑ እስኪሠራ ተያዘ።

«ገደልሽኝ!» አለኝ ወንድሜ።

«የምገድልህስ ነገ ነበር» አልኩት።

መርማሪው አንድ ጥፋተኛ በማግኘቱ ረክቶ የቀሩትን በጥያቄ ብቻ አሳለፋቸው። የእነሱ ካሚዮኖች ከእኛ ይብሱ ነበር። ሃምሳ አለቃው «ከተማሪዎቼ የወደቀው አንድ ሰነፍ ብቻ ነው» እያለ ሲመጻደቅ ከረመ። ለሙሽራዋ እናት እውነቱን ነገርኳት፤ ረገመችኝ፣ ሠርጉን ግን በሳምንት አራዘመች።

ወንድሜ የሚስቱን ጥጃ ሸጦ ፍሬኑን አሠራ። የዚያን ዕለት ያቺው ድንጋይ ጋ ሄዶ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ቆመ። ቅቤዬን ይዤ መንገድ ዳር የቆምኩትን እኔን አያየኝም፤ ሲቆም ግን ከንፈሩ ፈገግ ይላል። በአራተኛው የጋቢናውን በር ከፈተና «ቅቤሽ ሳይቀልጥ ግቢ» አለኝ።