ፊት እና ኋላ የተባሉት ሁለት ፋይሎች

የምሠራው ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው፣ ኔትወርክ ክፍል። ስዊች የምንለው ሳጥን የኮምፒውተሮቹን ገመድ ሁሉ ያገናኛል። ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ ሥራውን የሚነግረውን ፋይል ያነባል። በሆዱ ብዙ ፋይል መያዝ ይችላል፤ የሚነሳው ግን በተመረጠለት በአንዱ ነው። የእኛው ሁለት ነበሩት። አንዱ የዘወትሩ ነው። ሌላውን ለመውጫ ፈተናው ብዬ እኔ አዘጋጀሁት፤ ያለ እሱ የፈተናው ክፍል ኮምፒውተሮች ፈተናውን አያገኙትም። የዘወትሩን «ፊት»፣ አዲሱን «ኋላ» አልኳቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ስም ከየት ይምጣ?

ታናሽ እኅቴ ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች። አንዴ ወድቃለች፤ አሁንም ካላለፈች ዲግሪ የለም። እናታችን ስለት ተስላለች።

አለቃዬን ጋሼ ነው የምላቸው። የሃላሌ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ አማርኛን በትምህርት ቤትና በቢሮ የለመዱ። በፈተናው ዋዜማ አጎታቸው ሞተውባቸው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲነሱ፣ «መብራት ቢጠፋ በየትኛው ፋይል እንደሚነሳ መርጫለሁ፤ አታስቢ» አሉኝ። አላሰብኩም።

ጠዋት ስዊቹ ሳላጠፋው በጫንኩለት በአዲሱ ፋይል እየሠራ ስለነበር ሁሉም ሰላም ነው። ፈተናው ገና ሞቅ ሳይል መብራት እልም አለ። የሶዶ መብራት ፈተና ሆነ ለቅሶ ምን ገዶት! ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ኮምፒውተሮቹ ተነሱ፣ ስዊቹም ተነሳ፤ ፈተናው ግን የለም። በመስኮት እኅቴን አየኋት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ሃላሌ ደወልኩ። ከወዲያ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ የትኛውን ነው የመረጡት?»

«ፊትን ነዋ! ፈተናው ፊታችን አይደል እንዴ? ኋላማ፣ ኋላ የቀረው መስሎኝ።»

«ኧረ በእመቤቴ! ፊት ማለት በፊት የነበረው ነው! ኋላ በኋላ የመጣው!»

«እና ምን ትጠብቃለህ፣ ቀይረው!» አሉኝ። ሲደነግጡ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት።

ቀየርኩት። ስዊቹን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ሲነሳ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነው፣ አይቸኩልም። ፈተናው ተመለሰ። ፈታኞቹ ግን የባከነውን ሰዓት አንጨምርም አሉ። ጮህኩ፣ ተናደድኩ፤ ማን ሰምቶኝ። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ የእኔም የእሳቸውም አይደለም። ያለፈውንም የሚመጣውንም ፊት ብሎ የሚጠራ ቋንቋ ነው ያሳሳተን። ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱም ይህንኑ አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ሻይ ጋበዙኝ።

ውጤት ሲመጣ እኅቴ ለጥቂት ወድቃለች። ዕለቱን ሙሉ ፊት ነሳችኝ። እራት ላይ እናታችን እንጀራ ጠቅልላ ልታጎርሳት እጇን ዘረጋች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ወደፊት ታልፊያለሽ።»

እኅቴ የፋይሎቹን ነገር ከእኔው ሰምታለች። ጉርሻውን ሳትቀበል ወደ እኔ ዞረች።

«በየትኛው ፊት?» አለችኝ።