የአግኔተ ቀይ ገንፎ

አሮጊቷ አግኔተ የዐይኗ ብርሃን መጥፋቱን ለማንም ሳትተነፍስ በረዶው ቀልጦ በጋው ገባ። ቤቷን ከጓዳ እስከ ዶሮ ቤት በዳበሳ ታውቀዋለች። የጎረቤቷ የማሪየ ዐይን የደከመ ጊዜ ልጆቿ አረጋውያን መጦሪያ አስገብተዋት፣ ብዙም ሳይቆይ ቤቷ ተሸጠ። አግኔተ ከዚያ ሞቷን ትመርጣለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ቤቱን ሊነጠቅ ለተቃረበ ሰው ግን ተረት ምን ይረባዋል!

እሷ በምትኖርበት በፊን ደሴት ሪብስ የሚባለው ቀይ ፍሬ ሲበስል ልጇ ቪጎ ከሚስቱ ከሪግሞርና ከትንሿ ልጃቸው ከቦዲል ጋር መጥቶ ያድራል። የአግኔተን ቀይ ገንፎ ሳይበሉ በጋው በጋ አይሆንላቸውም።

እሑድ ጠዋት እንግዶቿ ሳይነቁ ቅርጫቷን ይዛ ሪብሱን ልትለቅም ወደ አጥሩ ወረደች። ዘንድሮ የሚከረክመው ጠፍቶ የሪብሱ ቅርንጫፍ ከሌላው ቁጥቋጦ ጋር ተጠላልፏል። ፍሬ ጣቷን በነካት ቁጥር ሸመጠጠች።

ፍሬውን ቀቅላ በጨርቅ አጠለለችና ጭማቂውን በስኳር አፈላች። ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የበጠበጠችውን የድንች ዱቄት እያንቆረቆረች አማሰለች፤ ዱቄት ከገባበት በኋላ ከፈላ ይዝለገለጋል። ሳህን ላይ ገልብጣ፣ ሽፋን እንዳይሠራ ስኳር ነሰነሰችበትና እንዲቀዘቅዝ ተወችው። ቦዲል እንደ ልማዷ የቀረውን ልትልስ ድስቱን ታቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ምሳ ተበልቶ ገንፎው ቀረበ።

«እማማ፣ ዘንድሮ ቀለሙ ደመቅ አላለም?» አለች ሪግሞር።

«አማትሽን ማሞገስ ጀመርሽ? ዛሬ ዶፍ ይወርዳል!» አለ ቪጎ እየሳቀ።

አግኔተ ስልባቦቱን ልታመጣ ጓዳ ስትገባ እግሯ ቅርጫቱን መታው። ከሥሩ የቀረውን ዳበሰች። ቅጠሉ እንደ ጫጩት ላባ ለስላሳ ነው። የሪብስ ቅጠል እንዲህ አይለሰልስም። ከሥሩ ሁለት ፍሬዎች በአንድ ዘንግ ተጣብቀዋል። ሪብስ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ነው የሚንጠለጠለው። ልጅ ሳለች እናቷ እጇን መታ አድርጋ፣ «ጥንድ ጥንዱን እንዳትነኪ፣ መርዝ ነው!» ያለቻት ትዝ አላት። ፍሬዎቹን ከእጇ ጣለች።

«ስልባቦቱ ተበላሽቷል፤ ገንፎውን ተዉት» አለች ከበሩ ላይ።

«ምን ችግር አለው እማማ፣ እንዲሁ እንበላዋለን» አለች ሪግሞር። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማ።

«አትቅመሱት! መርዝ ነው!» ብላ ጮኸች አግኔተ። «አላይም! ልጆቼ፣ ዐይኔ ከጠፋ ቆይቷል። ምን እንደለቀምኩ አላውቅም!»

ቪጎ ቀስ ብሎ፣ «እማዬ... እንዴት እስከ ዛሬ...» አለ። እሷ ግን እየሰማችው አልነበረም።

«ቦዲልስ? ቦዲል የት ናት?»

ከጓሮው በር ቀጭን ድምፅ መጣ። «አያቴ፣ ሆዴን አመመኝ።»

ሪግሞር ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች። አግኔተ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣችና፣ ጎንበስ ብላ ደፉ ላይ የተቀመጠውን ድስት ውስጡን በጣቷ ዳበሰችው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልቀረችበትም።