በሁለት ክንድ ርቀት

ሰመራ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ምሳ እየጠበቅሁ ከኋላዬ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ አጥሩ ጥግ ቆሞ ክንድ በሚያህል ሌንስ የተመጋቢውን ፊት ይለቅማል። ካሜራው የሰው ዓይን ፈልጎ በራሱ ፎከስ እንደሚያደርግ ነገረኝ። ሰው ሳያውቅ ሲነሳ እውነተኛ ፊቱ ይወጣልም አለኝ። እኔ ሳላውቅ በተነሳሁባቸው ፎቶዎች የወጣው እውነት አፌ በምግብ መሞላቱ ብቻ ነው።

የጋሽ ሰኢድ ካሜራ በራሱ ዓይን ፈልጎ አያውቅም ነበር። ጋሽ ሰኢድ ከወሎ መጥቶ አዋሽ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት የከፈተ ቀጭን ሰው ነበር። ክፍሉ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒትና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል። መጋረጃው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፤ በዚያ ሙቀት ላይ ስላቅ ነበር።

አባቴ ጣቢያው ውስጥ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ካሜራ ፊት ሲቆም የተፈረደበት ሰው ይመስላል። ልቡን ታሞ አዲስ አበባ ለኦፕራሲዮን ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ጋሽ ሰኢድ ዘንድ ሄደች።

«የመታወቂያውን ፊት አልፈልግም፤ የራሱን ፊት አንሳልኝ» አለችው። ካልተመለሰ የሚለውን አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

መጀመሪያ አባቴን በረጅሙ ሌንስ ከሐዲዱ ማዶ ሆኖ አነሳው። ፊልሙ ሲታጠብ የሐዲዱ ግለት ፊቱን አወላግዶት፣ አባቴ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መሰለ። ለምን አትጠጋም ብዬ ጠየቅሁት። ስጠጋ ይደርቃል አለኝ።

ጋሽ ሰኢድ ግን ዓመታት ሙሉ አንድ ነገር ሲያስተውል ኖሯል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። በዚያ ሰዓት የደረቀ ፊት አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ አጭሩን ሌንስ ይዞ ጣቢያው መጣ። እኔ አግዳሚው ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በርጩማውን ከአባቴ ፊት ሁለት ክንድ አርቆ አስቀመጠ፤ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በዚያ ርቀት ልክ አዞረና ካሜራውን ደረቱ ላይ ተወው። ዓይኑን አላስጠጋም።

«እስቲ ተፈራ ወንድሜ፣ ዳጉ በል። ምን አየህ?»

አባቴ፣ ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ሐዲድ ላይ ተኝታ ባቡር ስላስቆመች ግመል ማውራት ጀመረ። ባለቤቷ ለመናት፣ ተሳፋሪው ገፋት፣ ባቡሩ ጮኸባት፤ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ ወደ ፊት ሲያዘነብል ጋሽ ሰኢድ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይላል፤ ርቀቱ እንዳይፈርስ። በመጨረሻ አባቴ ቆቡን አስተካክሎ ሐዲዱ ላይ ወርዶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ትኬትሽን!» እንዳላት ሲናገር ካሜራው ቀጭ አለ።

«አነሳኸኝ እንዴ?»

«አዎ። ካልወደድከው ፊልሙን አሁኑኑ ፀሐይ አሳይቼ አቃጥለዋለሁ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ወሬዬን ልጨርስ።»

ግመሏ ተነስታ ሄደች። አባቴ አዲስ አበባ ሄዶ አልተመለሰም።

ጋሽ ሰኢድ ትንሽ አብዝቶ ወደ ኋላ ብሎ ኖሮ፣ ፎቶው ላይ ዓይኖቹ ትንሽ ደብዝዘዋል፤ ጥርት ብላ የምትታየው የተቀሰረችው ጣት ናት። የሰመራው ልጅ ቢሆን ይሰርዘው ነበር። እናቴ ግን ፎቶውን ይዛ ፎቶ ቤቱ በሄደች ቁጥር «እዚህ ጋ ምን እያለ ነው?» ትላለች፤ ጋሽ ሰኢድም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራታል። ቃል ሲለውጥ ልይዘው ብዙ ጊዜ አደባሁ፤ አልተያዘልኝም።

እሱም ካረፈ ቆየ። አሁን እናቴ የምትጠይቀው እኔን ነው። አንድ ቃል ስጨምር ታርመኛለች።