ያልተላከው ድምፅ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስልኬን መነካካቴን ሳይቀር። እዚህች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት «አፕ ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት ይከብደኛል» የሚል ነው። ውሸት ነው። እሳቸው ቴሌግራም ላይ ስብከት ይለቃሉ፤ አንዳንዴ ከእኔም ይሻላሉ። የከበደኝ ቅናቴን መናገር ነው። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገረው።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሆን ብዬ፣ እያወቅሁ፣ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት።

ጥቂት ዓመታት ሆነው። ሰቆጣ ውስጥ ምንጭና የእጅ ፓምፕ በሚጠግን ትንሽ ፕሮጀክት እሠራ ነበር። ጥገናው አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን የሥራችን ወሬ መያዣ ማጣቱ ነው። ማን ወደየትኛው ቀበሌ እንደሄደ የሚታወቀው በቴሌግራም ነው፤ የፓምፑ ብልሽት የመስክ ሠራተኛው ደብተር ላይ ነው፤ የዕቃው ዝርዝር ኤክሴል ላይ፣ ኤክሴሉ ፍላሽ ላይ፣ ፍላሹ ደግሞ ፈቃድ የወጣው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን አለቃችን አቶ ሞላ ተማረሩና «ሥራውንም፣ ማስታወሻውንም፣ ቀጠሮውንም አንድ ላይ የሚይዝ ነገር የለም እንዴ?» አሉ። አለ፣ አልኩ እኔ። አለ፣ አለች ዝማም። የመስክ ባልደረባዬ ናት። ሁለታችንም ያሰብነው ግን አንድ አፕ አልነበረም።

የእኔ ምልክቱ ሰማያዊ ነው፣ የእሷ አረንጓዴ። ስማቸው ለምላስ ስላልተመቸ ቢሮው ሁሉ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው ይላቸው ጀመር። ሰማያዊውን የተማርኩት ባሕር ዳር ሥልጠና ሄጄ ነው። ያምራል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ አለው፤ ሲያልቅ ካርዱን በጣትህ ጎትተህ ካለቁት ጋር ታኖረዋለህ። ሠንጠረዡ ከቀን መቁጠሪያው፣ ቀን መቁጠሪያው ከማስታወሻው ጋር ተያይዟል፤ አለቃ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉን በአንድ ገጽ ያያል። አረንጓዴው የገጠር ሱቅ ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ነገር አለው፣ ምኑም በወጉ አልተደረደረም። ግን ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል። የጻፍከውን ስልኩ ውስጥ ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ይልካል። ደግሞ ድምፅ ይቀዳል፤ ስለ ፓምፑ ሰዎች የተናገሩት እዚያው ከፓምፑ ካርድ ሥር ይቀመጣል። ሰማያዊው ኔትወርክ ሲያጣ ነጭ ገጽ ዘርግቶ ያፈጥብሃል።

እኛ ደግሞ ከሰቆጣ ወጣ እንዳልን ኔትወርክ የለንም። ታዲያ የትኛው ይሻለን ነበር? መልሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር።

አቶ ሞላ ሁለቱንም እንድንሞክርና ቢሮው ፊት አወዳድረን እንድናቀርብ አዘዙ። አፑ የተመረጠለት ሰው የመረጃ አስተባባሪ ይሆናል፤ መስኮት ሥር ያለው ጠረጴዛም የእሱ ነው። ሰው ለአንድ ጠረጴዛ ብሎ እንዲህ ያደርጋል? ብትሉኝ፣ አያደርግም። እኔን የበላኝ ዝማም ናት።

ዝማም የጋዝጊብላ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛውንም ከእኔ ባልተናነሰ ታስኬደዋለች። ቀበሌ ስንገባ ሽማግሌዎቹ ለእኔ ያወጡትን ጨዋ አማርኛ ይተዉና ወደ እሷ ዞረው ጨዋታ ይጀምራሉ። ይስቃሉ። እኔ ዳር ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ምን እንደተባለ ሳያውቁ ፈገግ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። «ምን አሉ?» እላታለሁ። «ቫልቩ ላልቷል አሉ» ትለኛለች። ለአንድ ቫልቭ ያ ሁሉ ሳቅ!

የባሰው ነገር ደግሞ እኔም የዚያው ቋንቋ ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ ኪሮስ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ነበር፤ በትንሽነቴ ለትምህርት ብሎ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሰደደኝ። ልጆች ሲስቁብኝ ኽምጣንጋዬን አንድ አንድ ቃል እየጣልኩ አደግሁ። ቤት ስመለስ አባቴ በራሱ ቋንቋ ይጠይቀኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልስለታለሁ። በኋላ የሚለኝንም መረዳት ሲያቅተኝ እሱም ታከተውና በተሰባበረ አማርኛው «ከተማ ዝናብ አለ?» ይለኝ ጀመር። አለ። «ሥራ ደኅና?» ደኅና። መንገድ ላይ እንደተገናኘ የገበያ ሰው እንዲህ ተጠያይቀን እንለያይ ነበር። ዝም የሚል ሰው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ዝማም አረንጓዴውን ልትሞክር ከሄደችባቸው ቀበሌዎች አንዱ የእኛ ሆነ። አባቴ የውሃ ኮሚቴ ስለነበር እሱንም ቀዳችው። ሐሙስ ማምሻውን ስትመለስ አቧራ ለብሳ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

«አባ ኪሮስ እንዴት ያሉ ጨዋታ አዋቂ ናቸው!» አለችኝ። «ልጄ፣ ልጄ እያሉ ነው የሸኙኝ።»

«አዎ፣ ጨዋታ ይችላል» አልኳት። ዋሸሁ። ጨዋታ አዋቂ? የእኔ አባት? ለእኔ ዝናብና ሥራ፣ ለእሷ ጨዋታና ልጄ?

«ላንተ የያዝኩት ነገር አለ፤ ብቻ ኔትወርኩ ይምጣ» አለችና ሳቀች። በዚያ ቀን ከተማውም ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። የቀዳችበትን የቢሮ ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ለሁላችንም «እንዳትነኩት፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይልካል» ብላ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ኔትወርኩ አልመጣም። ስልኩ እንደተሰካ ነው። ለማወዳደር ነው ብዬ ከፈትኩት፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ሁሉም በቦታው ነበር። የእያንዳንዱ ፓምፕ ካርድ፣ ፎቶው፣ ብልሽቱ፣ ከሥሩ የሰዎቹ ድምፅ። እኔ ሰማያዊውን ይዤ በሄድኩባቸው ቀበሌዎች ነጭ ገጹን አይቼ ተመልሼ፣ ቢሮ ገብቼ ትዝ ያለኝን ነበር የሞላሁት። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ በሐቅ አወዳደርኩ፤ በሐቅም ተሸነፍኩ።

የቀበሌያችንን ስም ሳይ ድምፁን ከፈትኩት። የአባቴን ድምፅ ወዲያው አልለየሁትም፤ ይስቅ ስለነበር ነው። በፍጥነት ይናገራል፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ የሰው አነጋገር እያስመሰለ ይተውናል። ዝማም ከት ብላ ትስቃለች። ያንን ሰውዬ በሕይወቴ አላገኘሁትም። ከዚያ ከማላውቀው ቃል መሀል አንድ የማውቀው መጣ። «ሲሳይ» አለ። ስሜ ነው። ዝማም እንደገና ሳቀች።

በእኔ እየሳቁ ነው፣ አልኩ። ቋንቋውን በጣለው፣ ከተማ ገብቶ በጠፋው ልጅ እየሳቁ ነው። ቀሪውን አልሰማሁም፤ ዘጋሁት።

ከዝማም አካውንት ለመውጣት የሚጫኑትን ቦታ አውቀዋለሁ። ተጫንኩት። ስልኩ ጠየቀኝ፤ ያልተላከ ነገር አለ፣ አሁን ከወጣህ ይጠፋል፣ ልውጣ? አለኝ። ከዚህ በላይ ማን ያስጠነቅቃል? ሳላውቅ ነው እንዳልል ጽሑፉ ፊቴ ላይ ነበር። ተቆጥቼ ነው እንዳልል ጽሑፉን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። አዎ፣ ውጣ አልኩት። ከዚያ ስልኩን አንስቼ በሸሚዜ ጠረግሁትና እንደነበረ አስቀመጥኩት።

ቀትር ላይ ኔትወርክ መጣ። ዝማም ስልኩን ስትከፍተው የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ስትገባ ባዶ ነው። ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ አጠፋችው፣ አበራችው። «ምን ነክቼ ይሆን? መንገድ ላይ ኪሴ ውስጥ ተነክቶ ይሆን?» እያለች ሁላችንንም ትጠይቃለች፤ እኔንም። እኔ አጠገቧ ቆሜ አብሬ ፈለግሁላት። አስቡት፣ አብሬ ፈለግሁ።

በማወዳደሪያው ቀን ተነሥቼ በለሰለሰ ድምፅ «ዝማም ምንም ጥፋት የለባትም፤ አፑ ነው የማይታመን» አልኩ። ሰው ሁሉ ደግነቴን አየ። እሷ አንገቷን ደፍታ «ሲሳይ ልክ ነው» አለች። ሰማያዊው ተመረጠ።

መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ዝማም ወደ ኒሯቅ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ ተመደበች። ሰማያዊውን ብትጠይቁኝ፣ ካርዶቹ ምን ያህል እንዳማሩ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ባዶ ነበሩ እንጂ። የመስክ ሠራተኞቹ ነጭ ገጽ እያዩ ሲሰለቻቸው ወደ ደብተራቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ አቶ ሞላ ራሳቸው ቴሌግራም ላይ «ፍላሹ ማን ጋ ነው?» ብለው ጻፉ።

የጠፋውን መረጃ እንደገና የሚሰበስብ ሌላ ሠራተኛ ወደ ቀበሌያችን ተልኮ ነበር። አባቴ «ለልጅቷ ሁሉን ተናግሬያለሁ» ብሎ መለሰው። ከዚያ ታመመ። መታመሙን ሰምቼ ስደርስ አንደበቱ ተይዞ ነበር። እጄን ይዞ አየኝ፤ እኔም አየሁት። እንዲያው በዓይን ተጠያየቅን። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ለተዝካሩ ዝማም ከኒሯቅ መጣች። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲሳሳ አጥሩ ጥግ ጠራችኝ። አክስቴ ከወዲያ ሆና ዕቃ ትሰበስባለች።

«ሲሳይ፣ ያንተ በደል አለብኝ» አለች።

«የምን በደል?»

«ያን ጊዜ አባ ኪሮስ የፓምፑን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ‹ይሄ ነገር ድምፅ ይይዛል?› አሉኝ። ይይዛል አልኳቸው። ‹እንግዲያስ ለሲሳይ የምለው አለኝ። በአማርኛ አፌ አይሞላልኝም፤ በራሴ ልበለውና አንቺ ታስረጂዋለሽ› አሉ። የልጅነትህን ነገር ሲያነሡ ሳቅ በሳቅ አደረጉኝ፤ በኋላ ግን ሳቅ አልነበረም። ረጅም ነው የተናገሩት።»

አጥሩን ያዝኩ።

«ቁጭ ብለን አብረን እንሰማዋለን፣ ቃል በቃል አስረዳሃለሁ ብዬ ነበር» አለች። «በእኔ ግድ የለሽነት ጠፋ። ተመልሼ እቀዳቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩህ፤ ወዲያው ኒሯቅ መደቡኝ። አሁን ትዝ የሚለኝን ልንገርህ ብል የእሳቸውን ቃል አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ከፈለግህ እነግርሃለሁ። ብቻ ይቅር በለኝ፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ወደ ጉልበቴ ዝቅ አለች። ትከሻዋን ይዤ አነሣኋት።

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ከዚህ የበለጠ ቃል አይፈልግም ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

ዝማም አለቀሰች። አክስቴ ከወዲያ ሰምታ «ደግ አደረግህ ልጄ» አለችኝ።

አባቴ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት የምትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ያንን ማየት አልችልም። ሌላም አለ፤ እውነቱን ካወጣሁ ላይቀር ላውጣው። ዛሬም እቀናባታለሁ። አባቴ ለእኔ ከተናገረው የተረፈው ትንሽ ነገር ያለው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኔን ብሎ የተናገረውን እሷ ሰምታ፣ እኔ ደግሞ ለመስማት እሷን መለመን አለብኝ። በገዛ እጄ ያመጣሁት ሆኖ ሳለ ይሄም ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

እናንተን ማሩኝ አልልም። ለእናንተ መናገር ቀላል ነው፤ አታውቁኝም። የተበደለችው ዝማም ያለችው ኒሯቅ ነው፤ ቁጥሯም ስልኬ ውስጥ አለ። በየበዓሉ የምትደውለው ግን እሷ ናት። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሥራ ትጠይቀኛለች፤ ደኅና፣ አለ፣ ደኅና እላታለሁ። ልትዘጋ ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ስለዚያ ነገር ይቅር ስላልከኝ እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች።

እኔም አሜን እላለሁ።