ቡኢ ሳንደርስ የቆመው ፊልም

አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ እኔን ለብቻ ጠርቶ የአባቴ ጉበት እንዳለቀ፣ ቤቱ ወስደን ብናስታምመው እንደሚሻል ነገረኝ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና መድኃኒቱን ቡታጅራ ቤቱ ሆኖ እንደሚወስድ ነገርኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ የነገደ፣ የሰው ፊት አይቶ ልቡን የሚያውቅ ሰው ነው። አልሐምዱሊላህ ብሎ ጫማውን እንዳደርግለት እግሩን ዘረጋልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ሙሉውን ይዘን እግሩን ጭኔ ላይ አሳረፍኩለት። መኪናው በነጠረ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ወልቂጤ ሞባይል የሚጠግነው ወንድሜ ለመንገዳችን ብሎ መዳፍ የምታክል ሃርድ ዲስክ ሰጥቶኝ ነበር። የራሷን ዋይፋይ ስለምትለቅ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም የተጫኑባት ፊልሞች ታብሌት ላይ ይታያሉ። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ በርበሬ ሲያራግፍ ሲኒማ ቤት እየገባ ያያቸው የነበሩ ዓይነት የሕንድ ፊልሞችን ሞልቶባታል። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ሕመሙን ያስረሳው ፊልሙ ነበር። ስንመለስም ታብሌቱን ፊቱ ላይ ይዤ ከፈትኩለት።

ቡኢ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ አይሱዙ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቆመን ሳለን ምስሉ ቀጥ አለ፤ የዲስኳ መብራት ጠፍቷል። ፓወር ባንክ ሰካሁባት፣ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ታብሌቱን ዘግቼ ከፈትኩ። ለወንድሜ እንዳልደውል ኔትወርክ የለም። አባቴ ማቃሰት ጀመረ። ተሳፋሪዎቹን ገመድ ያለው፣ ስልኩ ላይ ፊልም ያለው እያልኩ አንድ በአንድ ለመንኩ። አንዲት ሴት ገመዷን ሰጠችኝ፤ እሱም አልሠራም። ለአባቴ ላደርግለት የምችለው የቀረኝ ነገር ያ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

አባቴ ታብሌቱን ከእጄ ወሰደው።

"ተይው ልጄ፤ ይልቅ ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ" አለኝ።

ልዋሸው አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም።

"ቤት ይሻለዋል ነው ያለኝ፣ አባባ። ሌላ የምናደርገው የለም አለ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አማርኛውን ትቶ በአገራችን ቋንቋ በመስቃንኛ፣ ቀስ እያለ፣ እንሴኖ እናቱ አጠገብ እንድንቀብረው፣ ከአጎቴ ጋር ለዓመታት ተኳርፈው ነበርና ሰው ልኬ እንዳስጠራው ነገረኝ። መሞት እንደሚፈራም ነገረኝ። አባቴ እፈራለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እግሩን አሸሁለት።

መንገዱ የተከፈተው ከሰዓታት በኋላ ነው። አባቴ ቤት በገባን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዐረፈ፤ ከሰዓት በኋላ እንሴኖ ቀበርነው። ሰው የላክኩበት አጎቴ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነበር።