በፊቱ የተለጠፈው ቀላቢ

ሥራ በጀመርኩ ቀን ከአለቃዬ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ጩኸት ነበር። የሥራ ቦታዬ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አሮጌ የቤዝቦል ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤቱ ዳግ አንድ ካርድ ዘረጋልኝ፤ እኔም እንዳሳደጉኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ተጫዋቹ ፊት ላይ አረፉ።

«ጠርዙን! ጠርዙን ብቻ ያዝ!»

ክው አልኩ። ካርዱን ሳልጥለው እንዴት መስታወቱ ላይ እንዳስቀመጥኩት አንድዬ ያውቃል። ዳግ መደንገጤን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጣት ላብና ቅባት አሮጌ ወረቀት እንደሚያበላሽ አስረዳኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ምሳዬን በእጄ በልቼ አላውቅም። ወጥ የነካ ጣት ለዚህ ሥራ መርዝ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ፈሪ ነኝ። ባለቤቴ ሰናይት «በቄ፣ አንተን እኮ የራስህ ስልክ ያስደነግጥሃል» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ፈሪ ለናቱ ይባላል። የእኔ ፍርሃት ግን ከሁሉ በላይ ዳግን ጠቀመው።

ዳግ የቀጠረኝ ፒያሳ ፎቶ ቤት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ አጥብ ስለነበር ነው። እርጥብ ወረቀት መያዝ አውቃለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ መጥረጊያ ነው የሰጠኝ። ቀጥሎ ካርድ መለየት፣ በመጨረሻም ማንም የማይፈልገውን ሥራ፣ ውኃውን።

ቤዝቦል እንኳን ልጫወት፣ ሲጫወቱም አይቼ አላውቅም ነበር። ጨዋታውን የተማርኩት ከካርድ ጀርባ ነው። ከፊት የተጫዋቹ ምስል፣ ከጀርባ የሥራ ዘመኑ አለ፦ የት ተወለደ፣ ለየትኛው ቡድን ተጫወተ፣ ስንት መታ፣ ስንት ሳተ። አንዱ ፀጉሩ እስኪሸብት ይጫወታል፤ ሌላው አንድ ሁለት ክረምት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዳግ የሚሟሟተው ለዝነኞቹ ነው። የእኔን አንጀት የሚበሉት ግን ዘመናቸው ያጠረባቸው ነበሩ።

ድሮ ልጆች ካርዳቸውን በዱቄት ማጣበቂያ ደብተር ላይ ይለጥፉ ነበር። እሱን ማላቀቅ ነው የእኔ ሥራ። ገጹን ትሪ ላይ ታስተኛለህ። መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ዓይነት የተጣራ ውኃ ታፈስበታለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። የቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ ቀለበት ይተዋል። ካርዱ ሲለቅ ቀጭን ላስቲክ ከሥሩ አስገብተህ ታነሣዋለህ፣ በመምጠጫ ወረቀት መሐል አድርገህ መጽሐፍ ትጭንበታለህ። መጎተት የለም። የጎተተ ቀደደ።

ሚስ ሩት የሚባሉ ደንበኛ ከዴንቨር ማዶ፣ ከሌክውድ ከተማ መጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያዎቹን አጋምሷል፤ የሚሄዱት የብረት መደገፊያ እየገፉ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ አልበም መስታወቱ ላይ አስቀመጡ።

«ቤዝመንቴ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ሻገተብኝ» አሉ። «ሌላውን ተዉት። ይቺን አንድ ገጽ ብቻ አድኑልኝ።»

ገጹ ላይ አንዲት ካርድ አለች። የምትታየው በጀርባዋ ነው። አነበብኩት፤ ሚስ ሩትም አባታቸው መሆኑን ነገሩኝ። ቀላቢ ነበር፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ የሚይዘው ማለት ነው። የተጫወተው በምሥራቅ ኮሎራዶ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ሲሆን፣ ካርዱንም የከተማዋ ዳቦ ቤት ከዳቦ ጋር ለገዢዎች ያድለው ነበር። የመጨረሻው መስመር «ክንዱ ብርቱ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ እንደሚያድግ ይጠበቃል» ይላል።

የሚመጣው ዓመት አልመጣለትም። ጉልበቱ ተሰበረና ስኳር ፋብሪካ ገባ። ሚስ ሩት ገና ሕፃን እያሉ ሞተ። ኋላም ቤታቸው ተቃጠለ፤ ከዚህ አልበም በቀር የተረፈ የለም።

«የለጠፈው ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ። «የአባታችንን ውጤት እየደጋገመ ማንበብ ይወድ ስለነበር ጀርባውን ወደ ላይ አደረገው። ፊቱ ከሥር ነው። አባቴን በቁጥር አውቀዋለሁ፤ መልኩን ግን አላስታውሰውም። ወንድሜ ሁልጊዜ ‹አባባ ምንም አይፈራም ነበር› ይለኝ ነበር። ሳልሞት አንድ ጊዜ ልየው።»

ዳግ ተመሳሳዩን ካርድ ያልፈለገበት ቦታ የለም። የሚያውቃቸው ሰብሳቢዎች ሁሉ አይተነው አናውቅም አሉት። ያለው ይኸው አንዱ ነው።

በሌላ ጊዜ ማጣበቂያው ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ቢላጥ የሚላጠው ጽሑፍ ነው። እዚህ ግን ያለው ፊቱ ላይ ነው። እጄ ከሳተ የሰውየው ዓይንና አፍ የሻገተው ወረቀት ላይ ይቀራል። ዳግን ጓዳ ጠራሁት።

«አልችልም።»

«ካልነካኸው ሻጋታው ይጨርሰዋል።»

«ከነካሁትስ?»

ዳግ ስልክ አንሥቶ ለሚስ ሩት የቅዳሜ ቀጠሮ ሰጣቸው። ይባስ ፈራሁ።

ዓርብ አንድ ጋሎን የተጣራ ውኃ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ኩሽና ውስጥ አንድ የማይረባ ካርድ በፊቱ ለጥፌ ሞከርኩ፤ በደንብ ለቀቀ። በሌላ ሞከርኩ፤ የተጫዋቹ አፍንጫ ወረቀቱ ላይ ቀረ። እራቴን ትቼ የቀረውን አፍንጫ ሳይ አመሸሁ። ሰናይት ምን ሆንክ ብትለኝ «የሰው አባት እጄ ላይ ሊጠፋ ነው» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

በነጋታው የተረፈውን ውኃ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሚስ ሩት ቀድመውኝ መጥተው ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጠዋል። ገጹን ቆርጬ ትሪው ላይ አስተኛሁና ውኃውን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ወረቀቱ ለሰለሰ። ከጠርዙ ማጣበቂያው ነጭ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ደህና ነበር። ያኔ ስልኬ ጮኸና ዘለልኩ። ሰናይት ናት፤ ዴንቨር ከምትሠራበት ሆስፒታል፣ በዕረፍት ሰዓቷ።

«በቄ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ገና ነው። ውኃ ውስጥ ነው።»

«አይዞህ፣ ምንም አይሆንም። ጠበል አለበት።»

«ምን አለበት?»

«እህቴ ያመጣችልኝ የእንጦጦ ጠበል። ጠዋት አንተ ስትታጠብ የውኃህ ጀሪካን ውስጥ ጨመርኩልህ። እንደዚያ ስትጨነቅ እያየሁ አላስቻለኝም።»

«ስንት ጨመርሽ?»

«አንድ ብርጭቆ። ምነው? ጠበል ደግሞ ምን ያደርጋል?»

ስልኩን ዘጋሁ። ጠበሉን አከብራለሁ፤ ስታመም ድኜበታለሁ። ግን ከምድር የፈለቀ ውኃ ነው፤ አፈርም ማዕድንም አለበት። አሁን ላውጣው ብል ማጣበቂያው ግማሹ አልለቀቀም፤ ይቀደዳል። ልተወው ብል ፊቱ ላይ ምን እንደሚቀር አላውቅም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሚስ ሩት ግን መነጽራቸውን እየጠረጉ ትሪውን ትሪውን ያያሉ። አፌን መክፈት ከውኃው የበለጠ አስፈራኝ። ቢሆንም ለእሳቸውም ለዳግም ነገርኳቸው።

«የምን ውኃ?» አለ ዳግ።

«የተባረከ። ከምንጭ የመጣ።»

«ከምንጭ!» ብሎ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ሚስ ሩት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙትና ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስትህ ለምን ጨመረችው?»

«ፈርቼ ስላየችኝ ነው። የአባትዎ ፊት እንዳይጠፋ ብዬ።»

«እሷ አታውቀኝም እኮ።»

«አታውቅዎትም።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። «እንግዲያው ለአባቴ ጸልያለች ማለት ነው። ቀጥል» አሉኝ።

ዳግ ሌላ ውኃ ሊገዛ እየሮጠ ወጣ። መኪናው ከመነሣቱ የካርዱ አንድ ጎን ብድግ አለ። መጠበቅ አይቻልም፤ ለስልሶ በአንድ በኩል ብቻ የተንጠለጠለ ወረቀት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። በስመ አብ ብዬ ላስቲኩን በካርዱና በገጹ መሐል አስገባሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩና ቀጠልኩ። ግንባሩ አለፈ፣ ዓይኑ አለፈ። አገጩ ጋ ሲደርስ ያዘኝ። እጄ መጎተት ፈለገ፤ ከለከልኩት። ዳግ እያለከለከ ተመልሶ አዲሱን ውኃ በቀስታ አፈሰሰልኝ። አገጩም ለቀቀ።

በንጹሁ ውኃ አለቅልቄ ገለበጥኩት። ከኮፍያው ቀለም ጥቂት ገጹ ላይ ቀርቷል፤ አገጩም ላይ የመላጥ ጠባሳ አለ። ፊቱ ግን አለ። ጓንቱን ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ የያዘ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ዓይኑን ያፈጠጠ አንድ ፍሬ ልጅ ነው።

ሚስ ሩት በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ፈርቷል» አሉ። «ተመልከት፣ ፈርቷል እኮ!»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያጠፋሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁም እያለቀሱም ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «ከማን እንደወረስኩት አላውቅም ነበር።»

እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

ዳግ ትሪውን አንሥቶ ወደ ሲንኩ ሲሄድ «ተው! እዚያ አይደፋም!» ብዬ ጮህኩበት። በዚያ ሱቅ ውስጥ እሱ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ጠበል ያለበት ውኃ ፍሳሽ ውስጥ አይገባም፣ እግርም አይረግጠውም አልኩት። አልተከራከረኝም። ከሱቁ ጀርባ፣ ከፓርኪንጉ ወዲያ፣ አጥር ጥግ ማንም የማይሄድበት አንድ ዛፍ አለ። ዳግ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ እዚያ ወሰደውና ሥሩ አፈሰሰው።

ቤት ስገባ ሰናይት «ጠበሉ ነው ያላቀቀው» አለችኝ።

«ማጣበቂያው ዱቄት ስለነበር ነው። ሁለተኛ ውኃዬን እንዳትነኪ።»

«እሺ፣ ዱቄቱ ይሁንልህ» ብላ ሳቀች።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ትሪውንም ሌሎች ይዘውታል። ትሪውን ለያዛችሁት የምላችሁ ይህን ነው። የታሸገውን ውኃ እዚያው ካርዱ አጠገብ ክፈቱት። አትጎትቱ። ስሕተት ቢፈጠር ባለቤቱ ከእናንተ አፍ ይስማው። እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ ትከሉና ቀጥሉ። ይህን ሥራ ፈሪም ይሠራዋል።